"ቲዩቡ ሞቷል" የተባለው የአባዬ ቲቪ እና ሰሌዳ የሌለው የመጋላ ጥገና ቤት

"ቲዩቡ ሞቷል፣ ብትሸጥልን ይሻልሃል" የተባልኩበት (ቲዩብ የሚሉት ምስሉን የሚያወጣውን ትልቁን መስታወት ነው) የአባዬ ቲቪ ይሄን ስጽፍ ሳሎን ውስጥ ዜና እያነበበ ነው፣ ድምፁ እስከ ግቢ በር ይሰማል ምክንያቱም አባዬ ጆሮው ትንሽ ደክሟል። የማወራው ስለ ሁለት ጥገና ቤት ነው። የመጀመሪያውን ስሙን አልጠራም፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚጠራ ስም የለውም። ወላሂ የለውም፣ በሩ ላይ ሰሌዳ የለ፣ ቁጥር የለ። ድሬዳዋ፣ መጋላ ገብታችሁ ከቀፊራ ገበያ ብዙ ሳትርቁ "ጀርባቸው የተከፈተ ቲቪዎች በረንዳ ላይ የሚደረድረው ሰውዬ ጋ" በሉ፣ ባጃጆቹ ያደርሷችኋል። ኮከብ ስጥ ከተባልኩ ከ5 አራት እሰጠዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች ታነባላችሁ፣ ምክንያት አላጣሁም።

መጀመሪያ ቲቪውን ላስተዋውቃችሁ። 21 ኢንች ነው፣ የጃፓን ሥሪት፣ ሆዱ ወደ ኋላ የወጣ። አባዬ ምድር ባቡር ሲሠራ በ1982 ጅቡቲ ገዝቶ በባቡር ነው ያመጣው፣ "ደወሌ ስንደርስ..." ብሎ የሚጀምረውን ታሪክ ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ጅቡቲ ያኔ እንደ ፈረንሳይ ሴካም የሚባለውን የቀለም ቲቪ አሠራር ነበር የምትጠቀመው፣ እኛ ደግሞ ፓል የሚባለውን፣ ስለዚ ቲቪው ጀርባው ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ የምትገፋ ትንሽ ማብሪያ አለችው። ይቺን ማብሪያ ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች። እላዩ ላይ ደግሞ እማዬ በኪሮሽ የሠራችው ዳንቴል አለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ወደ ኋላም የሚወርድ። እሱንም ያዙልኝ።

ለምን አትጥሉትም የሚል አይጠፋም። ልንጥል ነበር እኮ። ወንድሜ አምና 32 ኢንች ጠፍጣፋ ገዝቶ ላከና ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፣ አባዬ ሁለት ቀን አየና "ሰዉ ሁሉ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የወፈረው?" ብሎ ተነሳ። እውነቱን ነው፣ ድሮ የተቀረጸ ነገር ሲመጣ ለ4 በ3 ስክሪን የተሠራውን ወደ ጎን ስለሚለጥጠው ዘፋኙም ጋዜጠኛውም ጉንጫም ይሆናል። ሴቲንጉን ላስተካክልልህ ብለው ወይ ፍንክች። ሪሞቱ ላይ ያለው ቁልፍ ብዛት ራሱ ያስጠላዋል፣ የድሮው አንዴ ጠቅ ካደረጉት አለቀ። ጠፍጣፋው አሁን የልጆቹ ክፍል ነው ያለው፣ ካርቱን ያጫውታል።

ወደ ብልሽቱ። አንድ ማታ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ የለመዳችሁት ነው። መጨረሻ ሲመጣ ቲቪው ድምፁ አለ፣ ምስሉ ግን የለም፣ ያለው ነገር ስክሪኑ መሃል ላይ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ የተዘረጋች አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ናት፣ ክር የምታክል ግን ዓይን የምትወጋ። አባዬ ተነስቶ ሳጥኑን በመዳፉ ጠፍ ሲያደርገው መስመሯ ለአንድ ሰከንድ እንደ መጋረጃ ተከፈተችና ተመልሳ ተዘጋች። ከዛ በኋላ ቢመታውም እምቢ አለች።

በማግስቱ ለቤታችን ቅርብ ወደሆነው ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሳቢያን ነው የምንኖረው። ቤቱ አዲስ ነው፣ የመስታወት በር፣ ፋን፣ ዩኒፎርም፣ ሁሉ ነገር። አራት ቀን አቆዩት። በአራተኛው ቀን ስሄድ ቲቪያችን ጠረጴዛ ላይ በርቷል፣ መስመሯ እንደዛው ቦግ ብላለች፣ ከፊቱ የተቀመጠው ልጅ ስልኩን ይነካካል። "ቲዩቡ ሞቷል፣ ፍላይባኩም ተቃጥሏል፣ ፍላይባክ 4,500 ነው፣ እሱም ከተገኘ፣ ቀይረነውም ላይሠራ ይችላል፣ ብትሸጥልን 800 እንሰጥሃለን።" ለመክፈቻ 500 ብር ከፍዬ ተሸክሜ ወጣሁ። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ብሩ አይደለም፣ ያ መስመር በርቶ የዋለበት ሰዓት ነው፣ እሱ ላይም እመለሳለሁ።

የመጋላውን ቤት የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት፣ ስፌት መኪናዋን ሳይቀር እሱ ጋ ነው የምታስጠግነው። ባጃጅ ኮንትራት ይዤ የደቻቱን ወንዝ ተሻገርኩ። እንዲህ ያለ ቲቪ የምትሸከሙ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ስክሪኑን ወደ ደረታችሁ አዙራችሁ ያዙት፣ ክብደቱ በሙሉ መስታወቱ ጋ ነው ያለው፣ በሆዱ በኩል ካቀፋችሁት ወደፊት ይደፋባችኋል። እኔ በሆዱ አቅፌው ሹፌሩ ነው ያተረፈኝ።

ሰውየው 60ዎቹን የተሻገረ ይመስለኛል፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ሽርጥ፣ ሸበጥ፣ እግሩ ስር የመኪና ጎማ ቆርጦ አንጥፏል። ሁሉም ጋሼ ነው የሚለው፣ ግን ድሬ ስለሆንን አንተ ነው የምንባባለው። አንድ 14 ወይ 15 ዓመት የሚሆነው የእህቱ ልጅ አብሮት ይውላል። ቤቷ ጠባብ ናት፣ ግድግዳው በሙሉ የተነቀለ ቦርድ፣ የቲዩብ አንገት፣ ስፒከር፣ በቡና ቆርቆሮ የተሞላ ቡለን። ወንበር አንድ ነው፣ እሱም የራሱ። ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት።

የገረመኝ ነገር ቲቪውን አልከፈተም። ስፒናውን እንኳ አልሰካም። መጀመሪያ ጠየቀኝ፣ ልክ እንደ ሐኪም።

"ድምፅ አለው?"
"አለው።"
"መስመሯ ነጭ ናት ወይስ ቀለም አላት?"
"ነጭ።"
"ስትመቱት ተከፍታ ታውቃለች?"
"አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰከንድ።"
"ከመጥፋቱ በፊት ምስሉ ከላይና ከታች ይጠብ ነበር? ጥቁር ነገር ይመጣ ነበር?"

እዚህ ጋ ደነገጥኩ ምክንያቱም ለወራት ከላይም ከታችም ሁለት ጣት የሚያህል ጥቁር ነበረው፣ በተለይ ሞቆ ሲመሽ፣ እኛ ጣቢያው ነው ብለን ትተነዋል። ነበር አልኩት። "ምን አሉህ እዛ?" አለኝ። ቲዩቡ ሞቷል፣ ፍላይባኩም ተቃጥሏል አሉኝ። ሳቀ። "አቦ፣ ፍላይባኩ ከሞተ መስመሯን ማን አበራት?"

ከዛ ያስረዳኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አንዴ ከገባችሁ ማንም አያታልላችሁም። ቲዩቡ ከኋላው አንገት ላይ ኤሌክትሮን እየረጨ ነው ስክሪኑን የሚያበራው። ያንን ወደፊት የሚስበው 25,000 ቮልት ገደማ የሆነ ኃይል ነው፣ የሚያመርተው ደግሞ ፍላይባክ የሚሉት ጥቁር ዕቃ ነው። እሱ ከሞተ ስክሪኑ ድርግም ነው፣ መስመርም ነጥብም የለም። ነጭ ደግሞ ዝም ብሎ ነጭ አይሆንም፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስቱም አብረው ሲሠሩ ነው ነጭ የሚወጣው፣ ስለዚ ቲዩቡ ከነሦስቱ በሕይወት አለ። መስመሯ ከግራ ወደ ቀኝ ከተዘረጋች ደግሞ ወደ ጎን የሚጎትተው ክፍል ጤነኛ ነው። የቀረው ምንድነው? ወደ ላይና ወደ ታች የሚጎትተው። ያ ክፍል በሰከንድ 50 ጊዜ ጨረሩን ከላይ እስከ ታች ያወርደዋል፣ እሱ ሲቆም ምስሉ በሙሉ አንዷ መስመር ላይ ተደራርቦ ይቀራል። ቲቪውን ሳይነካ፣ በአራት ጥያቄ፣ ስንት ነገር ከተጠርጣሪነት እንዳወጣ አያችሁ?

ከዛ ከፈተው። ስፒናው ከግድግዳ ተነቅሏል፣ ግን ወዲያው እጁን አልከተተም። ካቻቢቴ ላይ ሽቦ አስሮ የሽቦውን ሌላ ጫፍ ቲዩቡን ዙሪያውን ከሚያቅፈው ባዶ ሽቦ ጋር አያያዘና የካቻቢቴውን አፍ ከቲዩቡ ጎን ባለችው የላስቲክ ኮፍያ ስር አስገባ። ጣ! የሚል ድምፅ፣ ሰማያዊ ብልጭታ። ሲሠራ ግራ እጁ ሁልጊዜ ኋላው ነው። ልጁን "ለምን?" አለው፣ ልጁ እንደ ቁርዓን ልጅ ቀጥ ብሎ "በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ልብን ስለሚያልፍ" አለ። ቀጥሎ ትልቁን ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ዕቃ፣ በአምፖል አፈሰሰው፣ እሱ ላይ ከ300 ቮልት በላይ ይቀመጣል፣ ቲቪው ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ቤታችሁ ውስጥ ዩቲዩብ አይታችሁ ካቻቢቴ የምታነሱ ሰዎች እባካችሁ፣ ይሄ እንደ ስልክ አይደለም፣ ይገድላል።

ውስጡ! ውስጡን ባታዩት ይሻላል። የድሬ አቧራ 30 ዓመት ምን እንደሚሠራ አስቡት፣ ቦርዱ ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ የበረሮ ቅርፊት፣ የደረቀች እንሽላሊት። እና ከታች፣ ከቦርዱ ስር፣ የእማዬ ኪሮሽ። ከብረት የተሠራችው፣ ጫፏ ላይ ቀይ ክር ያለባት። እማዬ ይቺን ኪሮሽ አክስቴ ወሰደችብኝ ብላ ስንት ዓመት አኩርፋለች። በአየር መውጫው ቀዳዳ ሾልካ ገብታ ነው። ጋሼ በፒንሳ አውጥቶ ብርሃን ላይ እያገላበጠ "ይቺ ሁለት ጣት ወደዚህ ብትወድቅ ኖሮ እዚህ አንመጣም ነበር" አለኝ። ከዛ ስለ ዳንቴሉ ጠየቀኝ፣ አለ አልኩት፣ እስከ ኋላ ይወርዳል አልኩት፣ ራሱን ነቀነቀ። "ቲቪውን ያሳመመው ዳንቴሉ ነው" አለ። የአየር መውጫው ሲደፈን ሙቀቱ ውስጥ ይቀራል፣ ካፓሲተር የሚባለው ነገር ደግሞ ውስጡ እርጥብ ነው፣ ሙቀት ያደርቀዋል። ግንቦትና ሰኔ እኛ ራሳችን እየደረቅን አይደል። ይሄን ለእማዬ እንዴት እንደምነግራት አላውቅም ነበር፣ እስካሁንም በከፊል ነው የነገርኳት።

አቧራውን በረንዳ ላይ በብሩሽ አራገፈና ቲቪውን በአምፖል በኩል አበራው። ይሄን ዘዴ ወደድኩት። የድሮውን ባለ ክር አምፖል፣ 100 ዋቱን፣ ከቲቪው ጋር በተከታታይ ያስረዋል፣ ቲቪው ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል እንጂ ዕቃ አይቃጠልም፣ ከሌለ መጀመሪያ ቦግ ይልና ይደበዝዛል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፣ ስለዚ ባለ ክር አምፖል እንደ ወርቅ ነው የሚያስቀምጠው፣ በጨርቅ ጠቅልሎ። የኛው ቦግ አለና ደበዘዘ። ከዛ ወደ ልጁ ዞሮ "ይጮኻል?" አለው። ልጁ ጆሮውን አስጠግቶ "ይጮኻል" አለ። እኔ ትንሽ ሲጥ የሚል ነገር ሰማሁ መሰለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፓል 625 መስመር ነው፣ በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል፣ ስታባዙት 15,625፣ ወደ ጎን የሚጎትተው ክፍል በሰከንድ ይሄን ያህል ጊዜ ስለሚመላለስ ቀጭን ጩኸት ይወጣዋል፣ ልጅ ይሰማዋል፣ ሽማግሌ አይሰማውም። ጋሼ እሱ ጆሮው ካለቀ ቆይቷል፣ "ይሄን ልጅ የቀጠርኩት ለጆሮው ነው" አለኝ፣ ልጁ እንደ ሙገሳ ወሰደው።

መስመሯ እንደወጣች ወዲያው ያደረገው ነገር ፍላይባኩ ላይ ካሉት ሁለት ቁልፎች ስክሪን የሚባለውን ቀነሰው፣ መስመሯ ልትጠፋ እስክትል ደበዘዘች። ለምን አልኩት። ሙሉው ብርሃን አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ የስክሪኑን ቀለም ይበላዋል አለ። እዛ ጋ ነው የበፊቱ ቤት ትዝ ያለኝ።

ብልሽቱን ሲያገኘው አሳየኝ፣ በማጉያ መነጽር። ወደ ላይና ታች የሚጎትተው አይሲ 7 እግር ያላት ጥቁር ዕቃ ናት፣ ከአሉሚኒየም ጋር ታስራ የቆመች። ከቦርዱ ጀርባ እግሮቿ የተበየዱበት ቆርቆሮ ላይ፣ ሁለቱ እግሮች ዙሪያቸውን እንደ ቀለበት ተሰንጥቀዋል። ስትሞቅ ትለጠጣለች፣ ስትቀዘቅዝ ትሰበሰባለች፣ ይሄ በየማታው ለ30 ዓመት፣ ብየዳው ለቀቀ። አባዬ ሲመታው የተከፈተው ለዛ ነው። በድጋሚ ሲበይደው ምስሉ ግማሽ ድረስ ተከፈተ፣ ሁላችንም ጮህን፣ ከዛ ተመልሶ ዘጋ። ጋሼ ምንም አልመሰለውም። ቴስተሩን አንስቶ ለካ፣ ለአይሲዋ የሚመጣው 24 ቮልት አለ፣ እየበላች አትሠራም ማለት ነው፣ እሷም ሄዳለች። ብዙ ሰው እዚህ ጋ አይሲዋን ቀይሮ ይዘጋዋል። እሱ ግን አጠገቧ ያለችውን ካፓሲተር ነቅሎ ለካት፣ ላይዋ ላይ 100 ማይክሮፋራድ ይላል፣ መለኪያው 9 አለ። ምስሉ ከላይና ከታች ሲጠብ የነበረው የእሷ ምልክት ነው፣ እሷን ትቶ አይሲዋን ብቻ ቢቀይር አዲሷም በሳምንቱ ትቃጠል ነበር። አዲስ ካፓሲተር ሲመርጥ ሁለት መሳቢያ አለው፣ ባለ 85 ዲግሪ እና ባለ 105 ዲግሪ፣ የሚችሉት ሙቀት ማለት ነው። "85ቱን ለሐረር ሰው ነው የምሰጠው" አለ። ሐረሮች ይቅር በሉት፣ አየሩን ነው።

አይሲዋን ግን ወዲያው አልገጠመም፣ መዘግየቱም ከዚህ ጀመረ። ከገበያ አዲስ አስመጣ፣ ጥጥ አሴቶን ነክሮ ላይዋን ሲያሸው ጽሁፉ ጥጡ ላይ ቀረ። ሌላ ዕቃ ላይ ስም ጽፈው የሚሸጡት ነው። ወርውሮ ጣለው። "ኦሪጅናሉን ከሬሳ አወጣለሁ" አለኝ፣ ሬሳ የሚለው የሞቱትን ቲቪዎች ነው። ከደቻቱ ጎርፍ በኋላ፣ የ1998ቱ ማለቴ ነው፣ ሰው በጭቃ የሞላ ቲቪ እየተሸከመ ሲመጣ አንዳንዱን አጥቦ በፀሐይ አድርቆ አስነስቷል፣ ያልተነሱትን እስካሁን ዕቃቸውን እየነቀለ ነው የሚኖረው። ከዛ ክምር ውስጥ የኛን ዓይነት አይሲ ያለበት ሬሳ ለማግኘት ስንት ቀን ፈጀበት መሰላችሁ? ሦስት ቀን ያለኝ ሰውዬ 16 ቀን አቆየኝ።

እንግዲህ ኮከቧን የቀነስኩበት ጋ ደርሰናል። ስልክ አያነሳም። በፍጹም አያነሳም። ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ዝግ ነው፣ ለሙቀቱም ለበርጫውም፣ ይሄ ድሬ ላይ ብርቅ አይደለም ግን ከሳቢያን ሁለት ጊዜ በከንቱ ተመላልሻለሁ፣ አንዴ ደግሞ በ10 ተኩል ደርሼ "አሁን ወጣ" ተብያለሁ። ደረሰኝ የለም፣ ዋስትናው በአፍ ነው፣ "ሦስት ወር ውስጥ ከጠፋ አምጣው።" ከጀርባው ስምንት ቡለን የተመለሱት አምስት ናቸው፣ ሦስቱ ቡና ቆርቆሮው ውስጥ የዘላለም ዕረፍት ላይ ናቸው። ሒሳቡ ግን ጠቅላላ 1,800 ብር፣ ምርመራው፣ ዕቃው፣ ሁሉም። የተነቀሉትን ዕቃዎች በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ይሄን የሚያደርግ ጥገና ቤት አላጋጠመኝም።

በነዛ 16 ቀናት ውስጥ ቆሜ ስጠብቅ ሁለት ነገር አየሁ። አንዱ ሰው ሶኒ ትሪኒትሮን ይዞ መጣ፣ ስክሪኑ ላይ ከጎን ወደ ጎን እንደ ጸጉር ያለ ስስ ጥላ አለ፣ ነጭ ሲሆን ይታያል፣ አስተካክልልኝ አለ። ጋሼ አልነካውም። ትሪኒትሮን ውስጡ እንደሌላው ቲዩብ የተበሳ ቆርቆሮ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች የተወጠሩ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው ያሉት፣ እንዳይርገበገቡ የሚይዛቸው ሽቦ ነው ጥላ የሚጥለው፣ ከፋብሪካው አብሮት የወጣ ነው። ሰውዬው ብር ይዞ መጥቶ ብሩን ይዞ ሄደ። ሌላዋ አንዲት እናት ናቸው፣ የሳቸው ቲቪ ሲበራ አምስት ደቂቃ ይጨልማል፣ ከዛ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሲመጣም ፊቱ ሁሉ እንደ አመድ፣ ነጩ ብርማ። "እማማ፣ ይሄ ነው ቲዩብ ደከመ የሚባለው፣ ገንዘብዎን አያውጡ" አላቸው። ለሳቸው አንቺ አላለም። የሞተና ያልሞተ ቲዩብ ልዩነቱን ያኔ በዓይኔ አየሁት።

በ16ኛው ቀን ሲበራ ከዲቪዲ ላይ ክብ ያለበት ምስል አውጥቶ ክቧ እንቁላል እንዳትሆን ቁመቱን አስተካከለ። ምስሉ ሙሉ ነው፣ ግን ቀለም የለውም፣ ጥቁርና ነጭ። ልቤ ቀጥ አለ። ጋሼ እጁን ወደ ኋላ ሰደደና ያቺን ማብሪያ ገፋት። የበፊቱ ቤት ልጅ ሲነካካ ሴካም ላይ ትቷት ነው። ቀለሙ ወረደ።

ቤት ስገባ ሌላ ጉድ። ከቀኝ በኩል ጥግ ላይ አረንጓዴና ወይን ጠጅ የሆነ ትልቅ ነጠብጣብ። አባዬ "ይሄው፣ አበላሽቶት ሰደደህ" አለ። ደወልኩ፣ እና ተአምር፣ ስልኩን አነሳ። "አጠገቡ ስፒከር አለ?" አለኝ። አለ፣ የወንድሜ ትልቁ ስፒከር፣ ቲቪው በሌለበት ቦታውን ወርሶ ቀርቷል። የስፒከር ማግኔት ጨረሩን ያጣምመዋል፣ ቀለም ከቦታው ይወጣል። "አርቀው፣ አጥፍተህ ግማሽ ሰዓት ቆይ፣ ከዛ አብራ።" ግማሽ ሰዓቱ ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት፣ ቲቪው ሲበራ ድምም የሚለው ራሱን ከማግኔት ሲያጸዳ ነው፣ ግን ያንን የሚያደርገው ዕቃ ካልቀዘቀዘ ደግሞ አይሠራም። አጥፋ አብራ ቢሉት ዋጋ የለውም። አደረግኩት፣ ድምም አለ፣ ጠፋ። አሁን ለጥንቃቄ ስታብላይዘር ገዝተናል፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ስፒናውን የምንነቅል ሆነናል። ዳንቴሉ ራዲዮው ላይ ሄዷል፣ ኪሮሿን እማዬ ተቀብላ አገላብጣ አየቻት፣ አክስቴ ጋ እስካሁን አልደወለችም።

ጠፍጣፋ ቲቪ ያላችሁ አትሂዱ፣ ፓወር ቦርዱን ያይላችኋል ግን ስክሪን አይነካም፣ ራሱ ይነግራችኋል። ባለ ሆዱ ያላችሁ ግን ጠዋት ሂዱ፣ ከ4 ሰዓት በፊት፣ ብልሽቱ እንዴት እንደጀመረ አስታውሳችሁ ሂዱ ምክንያቱም ይጠይቃችኋል፣ ቡለናችሁንም ቆጥራችሁ ተቀበሉ።

አንድ ነገር አልተስተካከለም፣ አይስተካከልምም። ስክሪኑ በሙሉ ነጭ ሲሆን መሃሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትሄድ ደብዛዛ መስመር አለች፣ በፊተኛው ቤት በርታ የዋለችው መስመር ያቃጠለችው ቦታ ነው። ጋሼ ሲያስረክበኝ አስቀድሞ ነግሮኛል። አባዬ ያያት በሁለተኛው ቀን ነው፣ ተነስቶ ጠጋ ብሎ በጣቱ ተከተላት፣ እኔ ሊናደድ ነው ብዬ ጠበቅኩ። "አንዱን ሐዲድ ዘርግተው ሌላኛውን ረስተውታል" አለና ተቀመጠ። ከዛ በምድር ባቡር ፈረንሳይኛው፣ ለራሱ፣ "ሳ ማርሽ"፣ ይሠራል እንደማለት።